መሰላል ያዥዋ

ስለ እሱ ስጽፍ «እሳቸው» አልልም። ፊት ለፊቱ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ አንቱ ብዬዋለሁ፣ ጋሼ ብዬዋለሁ፣ እጁን ሲታጠብ ውሃ አፍስሼለታለሁ። ወረቀቱ ግን የእኔ ነው። እዚህ ላይ «እሱ» ነው።

አለቃዬ ነበር። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት ተመርቄ፣ የብቃት ፈተናውን አልፌ፣ ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ ከመካኒሳ እስከ ሀና ማርያም ያለውን ጅምር ቤት ሁሉ እየዞርኩ ሥራ ስጠይቅ፣ «ነይ እስኪ» ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ «እህቴ፣ ግድግዳ መሰርሰር ፀጉር መሠራት መሰለሽ?» ብለው ይስቁ ነበር። እሱ አልሳቀም። መዶሻና እስካርፔሎ ሰጥቶኝ ብሎኬቱን እንዴት ሳልሰብር ቦይ እንደማወጣበት አሳየኝ። ውለታውን አልክድም። ውለታውን ስለማልክድ ነው ያደረገኝ ነገር የበለጠ የሚያንገበግበኝ።

መጀመሪያ ላይ እሱ እየሠራ እኔ አቀብለው ነበር። ከዚያ እኩል ሠራን። ከዚያ ደግሞ ቀስ በቀስ «አንቺ ጀምሪው፣ እኔ መጣሁ» ማለት አመጣ። ይሄድና ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሲመለስ ሥራው ተጋምሶ ያገኘዋል። እኔ አምኖኝ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ሞኝ ነበርኩ።

እንዲህ ብቻዬን ሲተወኝ የራሴን አሠራር አበጀሁ። አብዛኛው ኤሌክትሪሺያን አንዱን ክፍል ጨርሶ ወደ ሌላው ይሄዳል። አንዱ ክፍል ውስጥ ይሰረስራል፣ መዶሻውን ያስቀምጥና ቱቦ ይቆርጣል፣ ቱቦውን ያስቀምጥና ሽቦ ይፈልጋል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ክፍል ሲገባ መዶሻው የት እንደሄደ አያውቀውም። ግማሹ ቀን ዕቃ ሲፈለግ ያልቃል። እኔ በመጀመሪያው ቀን መዶሻ አልነካም። ጠመኔ ይዤ ከቤቱ ባለቤት ጋር ቤቱን እዞራለሁ። አልጋው የት ይሆናል? በሩ ወደየት ይከፈታል? ማብሪያው ከበር ጀርባ ከዋለ ሰውየው ዕድሜ ልኩን በጨለማ በር እየዞረ ይዳብሰዋል። ፍሪጁስ? የኤሌክትሪክ ምጣዱስ? እሱ ለብቻው ወፍራም መስመር ይፈልጋል፤ ከሌላው ጋር ከተደረበ በበዓል ዋዜማ ቤቱን ሁሉ ያጠፋዋል።

ሶኬት በቀይ፣ ማብሪያ በሰማያዊ፣ መብራት በነጭ ጠመኔ ይመታል። ለከፍታው ሜትር አልዘረጋም። የወለሉን ንጣፍ ውፍረት አስቀድሜ ደምሬ ሁለት ጣውላ እቆርጣለሁ፤ አንዱ ለሶኬት፣ አንዱ ለማብሪያ። አቆማለሁ፣ ምልክት አደርጋለሁ፣ አልፋለሁ። ከዚያ በኋላ ቤቱን በሙሉ እሰረስራለሁ። ከዚያ ሳጥኖቹን በሙሉ፣ ከዚያ ቱቦውን በሙሉ። ልስን የሚለስኑት ሰዎች ከመምጣታቸው በፊት የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በውሃ አርሼ ሳጥኖቹን እወትፋለሁ፤ ካልወተፍኩ በማልታ ሞልተው ለስነው «እኛ ሳጥን የሚባል አላየንም» ብለው ይምላሉ። ሽቦ የምጎትተው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው። ጥድፊያ የለውም፣ ሩጫ የለውም። ግን ያልቃል።

የመካኒሳውን ቤት እንዲህ ጨረስኩት። ባለቤቷ መርካቶ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። በመጀመሪያው ቀን ከእኔ ጋር ክፍል ለክፍል የዞሩት፣ አልጋቸውንና ቁም ሳጥናቸውን በአየር ላይ በእጃቸው እየሳሉ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እሱ ያን ጊዜ ሻይ ቤት ነበር። ሽቦው ሁሉ ተጎትቶ ያለቀ ዕለት እትዬ ዘመዶቻቸውን አስከትለው መጡ። እኔ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጫለሁ፤ አቧራው ሽፋሽፍቴ ላይ ሳይቀር አለ። እሱ ልብሱን አራግፎ በር ላይ ቆሟል።

«ማሻአላህ» አሉ እትዬ። «እንዲህ ቶሎ ያለቀ ሥራ አይቼ አላውቅም። ማን ነው የሠራው?»

«እኔ ነኛ እትዬ» አለ። «የዕድሜ ልክ ልምድ ነው።»

«እሷስ?»

«እሷማ መሰላል ትይዝልኛለች።»

ዘመዶቹ ሳቁ። እትዬም ፈገግ አሉ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው፤ አብሬ መሳቄ።

ወደ ቤቴ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት «ደህና ነሽ እህቴ?» ብላኛለች፤ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር መሰለኝ። ያንን አንድ ቃሉን መልሼ መላልሼ አኘክሁት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱማ ረስቶት በማግስቱ «እንዴት አደርሽ የኔ ልጅ» አለኝ። ደህና አደርኩ አልኩት።

እንዴት እንደምበቀለው ብዙ አሰብኩ። ጥዬው መሄድ አንዱ ነበር፤ ግን ከሄድኩ መሰላል ያዥ ሆኜ ሄድኩ ማለት ነው፤ ከመካኒሳ እስከ ብስራተ ገብርኤል ማን ያምነኛል? ሥራውን ማበላሸት ሌላው ነበር። እሱን ወዲያው ጣልኩት። ቂሜ ከእሱ ጋር ነው እንጂ ከሽቦው ጋር አይደለም፤ በተበላሸ መስመር የሚቃጠለው እሱ ሳይሆን ቤቱ ውስጥ የተኛው ሰው ነው። እሑድ እሑድ ቸርች ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን አነሳለሁ፤ ውስጤ ግን የእሱን ፊት እያየሁ ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ጌታም ያውቀዋል፤ እኔም አልደበቅሁትም።

መንገዱን ያሳየኝ እሱ ራሱ ነው። እትዬ ለሚያገባው ልጃቸው ሀና ማርያም ሌላ ቤት ጀመሩና በመካኒሳው ፍጥነት ተደስተው ሥራውን ለእሱ ሰጡት። ስንደርስ ቤቱ ገና ሶሌታ ላይ ነበር፤ የጣሪያው አርማታ ሊሞላ ነው። ምሰሶዎቹ ቆመዋል፣ የሶሌታው ጣውላ ተነጥፏል፣ ብረት አሳሪዎቹ ፌሮውን አስረው ሊጨርሱ ነው። ግድግዳ የሚባል ነገር የለም። የኤሌክትሪክ ሥራ ከባዱ ክፍል ይሄ ነው። አርማታው ከመፍሰሱ በፊት ቱቦዎቹ ፌሮው መሐል ተቀብረው፣ ገና ያልተሠራው ግድግዳ በሚቆምበት ቦታ በኩል ወደ ታች መውረድ አለባቸው። ፕላኑን ታነባለህ፣ የሌለውን ቤት በሐሳብህ ትሠራለህ፣ እዚያ ውስጥ ትመላለሳለህ። አንድ ቱቦ ከረሳህ፣ አርማታው ከደረቀ በኋላ ድንጋይ ስትወቅር ትከርማለህ።

እሱ ፕላኑን እንደተጠቀለለ አቀበለኝ። «አንቺ ጀምሪው፣ እኔ መጣሁ» አለ።

«ጋሼ» አልኩት፣ «እርስዎ ይውጡ። እኔ መሰላሉን ልያዝልዎት።»

የምቀልድ መሰለው። ሳቀ። እኔ ሄጄ በባሕር ዛፍ እንጨት የተሠራውን መሰላል በሁለት እጄ ጨበጥኩና ቆምኩ። ጠበቀኝ። ጠበቅሁት። ፌሮ የሚያስሩት ሰዎች ከላይ ያዩናል። ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረው ወጣ።

ከላይ ሆኖ «ቱቦ አቀብይኝ» አለ።

«መሰላሉን ማን ይይዛል ጋሼ?»

«የወጥ ቤቱ መስመር በየት በኩል ነበር?»

«እኔ መሰላል ያዥ ነኝ ጋሼ። እሱን አላውቅም።»

እንዲህ ሆነን ዋልን። እንዲህ ሆነን ሰነበትን። ጠዋት እመጣለሁ፣ ልብሴን እቀይራለሁ፣ መሰላሉን እይዛለሁ። እሱ ላይ ከሆነም እይዛለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እለቃለሁ፤ ከምሳ በኋላ መልሼ እይዛለሁ። አሸዋ የሚያመላልሱት ሴቶች በአጠገቤ ባለፉ ቁጥር ይሳለቁብኛል። «አንቺ፣ መሰላሉ ሊጠፋ ነው እንዴ እንዲህ የያዝሽው?» ትለኛለች አንዷ። እኔም «አደራ ነው፤ ተሰጥቶኝ ነው» እላታለሁ። እንደዚያ ሰሞን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም። ክንዴ ይዝላል፣ ሆዴ ይስቃል። ከላይ እርምጃውን እሰማለሁ። ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል፣ የነበረበት ቦታ ላይ እንደገና ይቆማል። ከጣውላው ሥር ሆኜ ምሰሶዎቹን እያየሁ ቤቱን በሐሳቤ ሠራሁት፤ መኝታ ቤቱን፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን። እያንዳንዱ ቱቦ የት እንደሚወርድ አንድ በአንድ አወቅሁ። አንዲት ቃል ግን አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲወርድ እግሩን አየሁት። ከመሰላሉ ሥር ለቆመ ሰው ከሌላው ሁሉ ቀድሞ የሚታየው የሚወርደው ሰው እግር ነው። ጫማው እርከኑን ይፈልጋል። በግራ ይዳብሳል፣ ያጣዋል፣ በቀኝ ይዳብሳል። እርከኑ ከፊቱ ነው። ፀሐይ ነው። አያየውም።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ፕላኑን አንዴ አፍንጫው ላይ አንዴ ክንዱን ዘርግቶ የሚያየው፣ በጠራራ ፀሐይ የስልኩን መብራት የሚያበራበት፣ ሽቦ ሲያገናኝ ቀለሙን እኔን የሚያስጠራኝ፣ «ጀምሪው» ብሎ የሚሸሸው። ሰነፍ አልነበረም፤ ዓይኑ ሄዷል። ይሄ እንዳይታወቅበት ነበር ሥራዬን ሁሉ ነጥቆ ከመሰላል ሥር ያስቀመጠኝ።

እዚህ ላይ ማዘን ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ይህን ሳወራ «ውይ፣ ምስኪን» ይላል። እኔ አዘኔታውን ጠበቅሁት፤ አልመጣም። የመጣው ሌላ ንዴት ነው። «ዓይኔ ደክሟል፣ አግዢኝ» ቢለኝ ኖሮ ዓይኑ እሆነው ነበር፤ አልከለክለውም ነበር። እሱ ግን ዓይኑንም እጁንም እኔን አድርጎ፣ ስሜን ለራሱ ወሰደ። ደግሞ በኤሌክትሪክ ሥራ ዓይኑ የማያይ ሰው ምን እንደሚያደርስ ማሰብ ነው። መሰላሉን አጥብቄ ያዝኩት፤ ወርዶ እስኪጨርስ አልለቀቅሁም። እንዲወድቅብኝ አልፈልግም ነበር። ቆሞ እንዲናገር ነበር የምፈልገው።

የአርማታ ሙሌቱ ቀን ደረሰ። ሚክሰሩ ገባ፣ የቀን ሠራተኛው ከጠዋት ጀምሮ ግቢውን ሞላው፣ ሰማዩ ደመናውን መሰብሰብ ጀመረ። ፎርማኑ አርማታ ከማስጀመሩ በፊት ሊያይ ወጣና ጮኸ። «ጋሼ! ወጥ ቤቱ የታለ? ሻወሩ የታለ? ከቆጣሪው የሚመጣው ዋናው መስመርስ?» እሱ «አለ፣ አለ» ይላል። «የታለ? ያሳዩኝ!» ብሎ ክንዱን ያዘው። ሊያሳየው አልቻለም። ከቱቦዎቹ ግማሾቹ የትም ሳይደርሱ ቆመዋል። ፎርማኑ ስልኩን አውጥቶ እትዬን ጠራቸው።

እትዬ መድረሻቸው ሲቃረብ እሱ ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እባክሽ እህቴ» አለኝ። እህቴ ብሎኝ አያውቅም ነበር።

«ለእትዬ ይንገሩልኝ» አልኩት። «የመካኒሳውን ቤት ማን እንደሠራው።»

«እነግራቸዋለሁ። በስልክ፣ ማታ...»

«በሰው ፊት ነው መሰላል ያዥ ያሉኝ። በሰው ፊት ይንገሩልኝ።»

ፊቱን አየሁት። እምቢ ሊል ነበር። ከዚያ እትዬ በነጠላ ጫማ፣ ሱቃቸውን ጥለው፣ በንዴት ቀይ ሆነው በሩን አልፈው ገቡ። ሠራተኛው ሁሉ አካፋውን ይዞ ቆሟል። ሚክሰሩ ባዶውን ይዞራል።

«እትዬ» አለ። «የመካኒሳውን ቤት የሠራችው እሷ ናት። ምልክት ያደረገችው፣ ግድግዳውን የሰረሰረችው፣ ሽቦውን የጎተተችው እሷ ናት። እኔ አልነበርኩም። ይሄንንም ልትሠራ የምትችለው እሷ ናት። የእኔ ዓይን አያይም።»

የመጨረሻውን እኔ አልጠየቅሁትም። ራሱ ነው የጨመረው።

ደስታው እንዴት እንደተሰማኝ ልናገር አልችልም። ከእግር ጥፍሬ ጀምሮ ነው የሞቀኝ። እትዬን አየኋቸው፤ እንዲደነግጡ፣ እንዲያፍሩ፣ «አላወቅሁም ነበር ልጄ» እንዲሉ ጠበቅሁ። እሳቸው ሁለታችንንም በተራ አዩን።

«ይሄን ለመስማት ነው ሱቄን ዘግቼ የመጣሁት?» አሉ። «አልጋዎ የት ይሁን ብላ የጠየቀችኝ እሷ አይደለች እንዴ? እሷ እንደሆነችማ ያኔም አውቃለሁ።»

ወደ እሳቸው ተጠጋሁ። «ታዲያ ያን ዕለት ለምን ፈገግ አሉ እትዬ?»

«አንቺም ስትስቂ ነበራ» አሉኝ። ክፋት የለበትም፤ እንደ ተራ ነገር ነው ያሉት። «የሥራው ባለቤት ከሳቀች እኔ ምን አገባኝ? ይልቅ ሚክሰሩ ባዶውን ይዞራል፣ ዝናቡ መጣ።»

መሰላሉን ወጣሁ። የበቀሌ ጣዕም አፌ ላይ ግማሽ ሆኖ ቀርቷል፤ ግን ልተክዝ ጊዜ የለኝም። ጠመኔዬን አውጥቼ መጀመሪያ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ምልክት አደረግሁበት። አሸዋ ከሚያመላልሱት ሴቶች ጥቂቶቹን ጠራሁና ለእያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ብቻ ሰጠኋቸው፤ አንዷ ቱቦ ታቀብላለች፣ አንዷ ማሰሪያ ሽቦ ትቆርጣለች፣ አንዷ የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት በውሃ ታርሳለች። ማንም ዕቃ አይፈልግም፣ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ሽቦ የምትቆርጠው ያቺ «መሰላሉ ሊጠፋ ነው እንዴ» ስትለኝ የነበረችው ሴት ናት፤ እንደሷ በልክ የሚቆርጥ አላየሁም። ከታች ቆሜ በሐሳቤ የሠራሁት ቤት ስለነበር እጄ ብቻ ነው የቀረው። ፎርማኑ ሰማዩን እያየ «በርቺ፣ በርቺ» ይላል።

አንዱን ሳጥን ልወትፍ ጎንበስ ስል ተወትፎ አገኘሁት። ቀና ስል እሱ ነው። ተንበርክኮ በጣቱ የሳጥኑን አፍ እየዳበሰ ወረቀቱን አጥፎ ይከተዋል፣ በአውራ ጣቱ ጠርዙን ይጫነዋል። ለዚያ ሥራ ዓይን አያስፈልግም። ያለ አንድ ክፍተት ነው የሚወትፈው፤ ከእኔ ይሻላል። ማንም አላዘዘውም። እኔም ተው አላልኩትም፣ በርታም አላልኩትም። ከኋላዬ እየተከተለ ሁሉንም ወተፈ።

አርማታው ከዝናቡ ቀድሞ ፈሰሰ። ሶሌታ የተሞላ ዕለት ባለቤቱ ሠራተኛውን ማብላት አለበት፤ እትዬም ግማሻችን ሙስሊም ግማሻችን ክርስቲያን ስለሆንን ሁለት በግ በሁለት ሰው እጅ አሳርደው፣ ወጡን በየድስቱ አሠርተው ላኩ። ብሎኬት ላይ ጣውላ አጋድመን ተቀመጥን። ፎርማኑ ተጠግቶ «ባለሙያዋ እዚህ ትቀመጥ» አለ። ተቀመጥኩ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ቀልድም ነበር፣ እውነትም ነበር።

መብላት እንደጀመርኩ እሱ መጣ። እጁን ታጥቦ፣ ሳህን ሳይዝ፣ ከፊቴ ቆመ። እንደ ሠራተኛ ቆመ፤ እኔ በፊቱ እቆም እንደነበረው።

«ነገ ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለኝ።

ምን እየጠየቀኝ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ሳጥን መወተፍ፣ ቱቦ ማጽዳት፣ ጣቱ የሚችለውን ሥራ። «ሁለት ሰዓት» ብዬ ብመልስለት ይበቃ ነበር። ፎርማኑ ጉርሻውን አፉ ሳያደርስ ይጠብቀኛል። የተናገርኩት ለረጅም ጊዜ ያዘጋጀሁት ይመስል በለሰለሰ ድምፅ ነው።

«አይምጡ ጋሼ» አልኩት።

«እሺ» አለ። የመሣሪያ ቦርሳውን ከአጥሩ ሥር ፈልጎ አነሳና ወደ በሩ ሄደ። በሩ ላይ ለውሃ መስመር የተቆፈረ ቦይ አለ፤ መሻገሪያው አንድ ጣውላ ነው። ዳር ደርሶ ቆመ። በጫማው ጫፍ ጣውላውን መፈለግ ጀመረ። ከሁሉም የቅርቧ እኔ ነበርኩ። ሽቦ ስትቆርጥልኝ የዋለችው ሴት ምግቧን ትታ ሮጠች፣ እጁን ያዘችና አሻገረችው። ስትመለስ ቀና ብላ አላየችኝም። እኔ መብላቴን ቀጠልኩ።